ማምከን፦ ከፀጉር ቤት እስከ ቆላ ዝንብ

ፀጉር ቤት ገብቼ ስቀመጥ ልጁ ማሽኑን የሚያወጣው ሰማያዊ መብራት ካላት ትንሽ ሳጥን ነው። «ስቴሪላይዝድ ነው» ይለኛል፣ ሳልጠይቀው። ባለፈው ጠጋ ብዬ ሳይ በማሽኑ ጥርሶች መሃል የሌላ ሰው ፀጉር ተሰክቷል። እንዲህ ያለች ሳጥን የምትሠራው በአልትራቫዮሌት ጨረር ነው፤ ጨረሩ ደግሞ የሚጎዳው ያረፈበትን ብቻ ነው። ፀጉር፣ ቅባት ወይም የደረቀ ደም ሥር የተደበቀውን አያገኘውም። ስለዚህ መጀመሪያ ይቦረሻል፣ ይጠረጋል፣ መብራቱ ከዚያ በኋላ ነው።

ለዚህ ሥራ አማርኛ ጥሩ ቃል አለው፦ ማምከን። መከነ፣ አመከነ፣ መካን። ዘር እንዳይኖረው ማድረግ ማለት ነው። የሚገርመው ሳይንሱም የሚለው ይህንኑ ነው። ባክቴሪያ ትንፋሹ አይደመጥ፣ ልቡ አይመታ፤ ታዲያ መሞቱ በምን ይታወቃል? ምግብ ላይ ያስቀምጡትና ይጠብቁታል። ካልተራባ ሞቷል ይባላል።

እኛ ግን በስፕሪት የተወለወለውን ሁሉ «ስቴሪላይዝድ» እንላለን። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ማፅዳት ቆሻሻውን ያነሳል። በአልኮል ወይም በበረኪና ማሸት ብዙውን ጀርም ይገድላል። ማምከን ግን አንድም የሚራባ ነገር አለማስቀረት ነው፣ ስፖር የሚባለውን ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ የሚተኛውን ባክቴሪያ ጭምር። አልኮል ስፖርን አይችለውም። (በነገራችን ላይ 70 በመቶው አልኮል ከ95ቱ ይሻላል፣ ለመግደል ውሃም ያስፈልገዋል። አረቄ ግን እጅ ላይ አይቀባም፣ አይበቃም።)

መቀቀልስ? እዚህ ጋ የምንኖርበት ከፍታ ጣጣ ያመጣል። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ እሳቱን ብታነዱት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ሽምብራው ለምን እንደሚያስቸግር አሁን ገባችሁ። ለመጠጥ ውሃ ችግር የለም፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ላለ ሰው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ማቆየት ይበቃል። የሕፃን ጡጦም ይቀቀላል፣ ግን ቀድሞ ተፈታትቶ በብሩሽ ከታጠበ ነው፤ ጥግ ላይ የተጋገረ ወተት ካለ መቀቀሉ ልፋት ብቻ ነው። ለቀዶ ሕክምና መሣሪያ ግን ይህ አይሆንም። ድሮ ድሬሰሩ የብርጭቆ መርፌውን በቆርቆሮ ሳጥን ቀቅሎ ለሚቀጥለው ሰው ሲወጋ ስፖሩ አይሞትም ነበር፣ ከቸኮለ ደግሞ ሌላውም ሊተርፍ ይችላል። መፍትሔው አውቶክሌቭ ነው። በ1879 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዩ ሳይንቲስት የሉዊ ፓስተር ረዳት የነበረው ቻርልስ ቻምበርላንድ የሠራው ሲሆን በአሠራሩ ከፕሬዠር ኩከር ብዙም አይለይም፦ እንፋሎቱ ታፍኖ ግፊት ሲፈጥር ሙቀቱ 121 ዲግሪ ይደርሳል፣ እዚያ ላይ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይቆያል።

ወተትም ሁለት ዓይነት ነው። የላስቲኩ ወተት ፓስቸራይዝድ ነው፣ በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ አልፎ ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ በሽታ አምጪው ይሞታል፣ የሚያበላሸው ግን ጥቂት ይቀራል። ለዚህ ነው ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን ከቀናት በኋላ የሚቆመጥጠው። ሳይከፈት ወራት የሚቀመጠው የካርቶኑ ወተት ከ135 ዲግሪ በላይ ለጥቂት ሰከንድ የነካው ነው።

የገጠሯ እናት ቴርሞሜትር የላትም፣ ወይራ ግን አላት። ቅሉን አጥባ ታደርቃለች። የተለኮሰ የወይራ እንጨት ትከትበትና አፉን ትከድናለች፣ ጭሱ ውስጡን እስኪጠግብ ታገላብጠዋለች፣ ከዚያ ከሰሉን አራግፋ በንጹሕ ጨርቅ ትወለውለዋለች። ወተቱ የወይራ ጠረን ይይዛል፣ ቶሎም አይበላሽም። ጭሱ ባክቴሪያ ይቀንሳል እንጂ አያመክንም። እኔ ግን እርጎ ካልታጠነ ቅል ከሚቀርብልኝ ባይቀርብልኝ እመርጣለሁ።

ቃሉ ሰው ላይ ሲያርፍ ይከብዳል። «መካን» ስድብ ሆኖ የኖረ ቃል ነው፣ ያውም ሴቷ ላይ ብቻ፣ ችግሩ ከወንዱ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ሆኖ ሳለ። በፈቃድ መውለድ ማቆም ሌላ ነገር ነው። ሴቶች «ማህፀኔን አስቋጠርኩ» ይላሉ፣ የሚቋጠረው ግን ማህፀኑ ሳይሆን እንቁላል የሚያልፍባቸው ቱቦዎች ናቸው። የወንዱ ቫዜክቶሚ ይባላል፣ ከሴቷም ይቀላል። ወንዶች ግን ስሙን ሲሰሙ ይሸሻሉ፣ መኮላሸት ይመስላቸዋል። አይደለም። የሚዘጋው የዘር መተላለፊያው ነው፣ ፍሬው ቦታው ነው፣ ሆርሞኑም እንደ ድሮው ይመረታል። ብቻ በዚያው ቀን አይሠራም፤ 3 ወር ያህል ሌላ መከላከያ ያስፈልጋል፣ ከዚያም ምርመራ።

ማኮላሸት የከብት ነው። በዓል ሲደርስ የምንጣላበት ሙክት ያለ ማኮላሸት አይገኝም። ወይፈኑም ትከሻው ከሞላ በኋላ ይቀጠቀጥና የእርሻ በሬ ይሆናል፣ ኮርማነቱ ይቀርና ቀንበር ይለምዳል። የእንስሳት ሐኪሞች ቡርዲዞ የሚባል ትልቅ ጉጠት የመሰለ መሣሪያ አላቸው፣ ቆዳውን ሳይቆርጥ ውስጡን ይደፈጥጣል። ቁስል ስለሌለ ዝንብም አይመጣም።

ከዝንብ ካነሳን አይቀር፣ ለእኔ ከሁሉም የሚያስደንቀኝ የቆላ ዝንብ ነገር ነው። ገንዲ የሚባለውን በሽታ እያስተላለፈች ከብቱን የምትጨርሰው እሷ ናት። ቃሊቲ ላይ ይህን ዝንብ የሚያረባ ማዕከል ተሠርቷል። አዎ፣ ያረቡታል! ከዚያ ወንዶቹን በጨረር ያመክኗቸውና ቆላ ወስደው ይለቋቸዋል። ወንዱ ይበራል፣ ሴት ይፈልጋል፣ ይገናኛል፣ ዘሩ ግን ልጅ አይሆንም። ሴቷ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜዋ አንዴ ብቻ ስለምትገናኝ እድሏ እዚያው አለቀ። ዛንዚባር ዝንቡን ከደሴቷ ያጠፋችው በዚህ ዘዴ ነው፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ.። ኢትዮጵያ ግን ደሴት አይደለችም፣ ያጸዱት ሸለቆ ጎረቤት ዝንብ አለ።

የቀረው የዜና ቋንቋ ነው። ፈንጂ ይመክናል፣ ሴራ ይመክናል፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል የሆነ ነገር «ከሸፈ፣ መከነ» ሲባል እንሰማለን። የኳስ ጋዜጠኛም አጥቂው ባዶ ጎል ስቶ ወደ ሰማይ ሲሰዳት «ያለቀለት ኳስ አመከነ!» ብሎ ይጮሃል።