«መንጋጋ ያበሰብሳል» ስለሚባለው የአጥንት መድኃኒት

እማዬ ደረጃ ላይ አዳልጧት ወደቀችና የእጇ አንጓ ተሰበረ። ያን ያህል ከባድ አወዳደቅ አልነበረም፤ ሐኪሟም ለዚህ ነው የአጥንት ምርመራ ያዘዘላት። የአጥንት መሳሳት ተገኘባትና አሌንድሮኔት የሚባል፣ በሳምንት አንዴ የሚዋጥ 70 ሚሊግራም ክኒን ተሰጣት። ሊጠይቃት የመጣው ሰው ሁሉ ስለ ክኒኑ የሰማው ነገር ነበረው። አብዛኛው ልክ አልነበረም።

«ህመሙን ያስታግሳል።» ማስታገሻ አይደለም። አጥንታችን ዕድሜ ልኩን በአንድ በኩል ሲፈርስ በሌላ በኩል ሲገነባ ይኖራል። የወር አበባ ሲቋረጥ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይቀንስና አፍራሾቹ ሴሎች ገንቢዎቹን ይቀድማሉ። መድኃኒቱ አጥንቱ ላይ ይለጠፋል፤ አፍራሾቹ አጥንቱን ሲቦረቡሩ አብሮ ይገባባቸውና ያዳክማቸዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን የሚሰማት ነገር የለም፤ ስለዚህ «ለውጥ አላየሁበትም» ብላ ብትተወው ተሳሳተች ማለት ነው። የሚፈለገው ዳግም እንዳትሰበር ነው።

«ክኒን ክኒን ነው፣ ከቁርስ ጋር ይዋጣል።» ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በባዶ ሆድ ተውጦ እንኳ ወደ ደም የሚገባው ከ1 በመቶ ያነሰ ነው፤ ቡና፣ ወተት ወይም የካልሲየም ክኒን ከተጨመረበት ያቺም ትመናመናለች። የመጀመሪያው ቀን እማዬ ክኒኑን በአቦል ልትውጠው ሲኒዋን አንስታ ነው የደረስኩባት። አሁን ጠዋት እንደተነሳች በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ትውጥና የግድግዳውን ሰዓት እያየች ግማሽ ሰዓት ቁጭ ትላለች። ጋደም ማለት የለም፤ ክኒኑ መንገድ ላይ ከቀረ ወይም ወደ ላይ ከተመለሰ የምግብ ቧንቧን ያቆስላል። ስትውጥ ካመማት ወይም ደረቷን ካቃጠላት ቀጣዩን ሳትወስድ ሐኪሟን ማናገር አለባት። ጿሚ ስለሆነች ቀኑን ቅዳሜ አደረግነው። ረቡዕና ዓርብ ውሃም አትቀምስ፣ እሁድ ደግሞ ቅዳሴ አለ።

«መንጋጋ ያበሰብሳል።» ጎረቤታችን ይህን ስትላት እማዬ ሌሊቱን አልተኛችም። ጉዳቱ እውነት ነው፣ ግን ብርቅ ነው። በብዛት የታየው ለካንሰር ሕክምና የዚህን ዓይነት መድኃኒት ከፍ ባለ መጠን በደም ሥር በሚወስዱ ሰዎች ላይ ነው። ጥርስ የሚነቀል ካለ መድኃኒቱ ሳይጀመር ቢነቀል ጥሩ ነው፤ ከተጀመረም በኋላ ለጥርስ ሐኪሙ መንገር ነው። ብዙ ዓመት ሲወሰድ የጭን አጥንት ያልተለመደ ስብራት ሊያመጣ ይችላል፣ እሱም ብርቅ ነው። ጭን ወይም ብሽሽት ላይ የማይለቅ ህመም ከመጣ ግን «ብርድ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው አይታዘዝም፤ ካልሲየሙ ያነሰም መጀመሪያ ያስተካክላል።

«አንዴ ከተጀመረ እስከ ሞት ነው።» አይደለም። አሌንድሮኔት አጥንት ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ፣ 5 ዓመት ገደማ ሲሞላ ሐኪሙ አይቶ ሊያሳርፋት ይችላል።

ይህን የሰማ ሰው ግን ሁሉም የአጥንት መድኃኒት እንዲሁ የሚቆም ሊመስለው ይችላል። አሜሪካ ልጆቿ ጋ የምትኖረው አክስቴ በየ6 ወሩ የምትወጋው ዴኖሱማብ ሌላ ነው። እሱ አጥንት ውስጥ አይቀመጥም። መርፌው ከዘገየ የታፈኑት አፍራሽ ሴሎች በአንዴ ይነሱና የጀርባ አጥንት ደጋግሞ ሊሰበር ይችላል። ማቆም ካስፈለገም ሐኪሙ በሌላ መድኃኒት ተክቶ ነው። አክስቴ ለገና መጥታ እስከ ፋሲካ መክረም ትወዳለች፤ ዘንድሮ ትኬት ከመቁረጧ በፊት የመርፌዋን ቀን አስቆጠርናት።