«ኮቴጅ ፉድ» ወጥ ለመሸጥ አይበቃም

በካሊፎርኒያ ከቤታቸው ኩሽና ምግብ አዘጋጅተው ለመሸጥ የሚያስቡ ወገኖቻችን «ኮቴጅ ፉድ» የሚለውን ስያሜ ለማንኛውም የቤት ምግብ የሚሆን ፈቃድ አድርገው ሲረዱት ይታያል፤ ነገር ግን ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ይህ ሕግ የሚመለከተው ያለ ማቀዝቀዣ ቢቀመጡ የማይበላሹትን፣ ለምሳሌ ዳቦ ቆሎንና የደረቀ የቅመም ድብልቅን፣ ብቻ ነው። ዶሮ ወጥ ቀርቶ የጾሙ ምስር ወጥ እንኳ አይካተትም። ትኩስ ምግብ ለመሸጥ በ2018 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ሌላ ሕግ የሚሰጠው የቤት ኩሽና ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እርሱም የሚገኘው ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) ሕጉን በራሱ ውሳኔ ከተቀበለው ብቻ ስለሆነ፣ ድስት ከመግዛት በፊት የካውንቲውን ጤና ቢሮ መጠየቅ ይቀድማል። በዚህኛው ፈቃድ ምግቡ በተሠራበት ዕለት መቅረብ አለበት፤ አድሮ ለሚጣፍጠው ዶሮ ወጥ ግን ትንሽ ቅር ያሰኛል።