ስለ መጀመሪያዎቹ የብሪታኒያ ቴሌቪዥን ምሽቶች የሚነገሩ ስሕተቶች እና እውነታው

የቢቢሲ ቴሌቪዥን መደበኛ አገልግሎቱን የጀመረው ሰኞ ኖቬምበር 2 ቀን 1936 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስርጭቱ የወጣው በሰሜን ለንደን ኮረብታ ላይ ከቆመው አሌክሳንድራ ፓላስ ነበር። ስለዚያ ዘመን ምሽቶች የሚተረኩ ታሪኮች ለጆሮ ይጥማሉ፤ ብዙዎቹ ግን እነዚያን ምሽቶች በላባቸው ያቆሙትን ሰዎች ድካም ይሸፍናሉ። ለዚህም ነው መታረም አለባቸው የምለው።

«በየቤቱ የገባው የጆን ሎጊ ቤርድ ፈጠራ ነው።»

ስኮትላንዳዊው ፈጣሪ ቤርድ በጃንዋሪ 1926 በለንደን ሶሆ ሠፈር ተንቀሳቃሽ ምስል ለምሁራን ማሳየቱ እውነት ነው፤ ክብሩም አይነካም። ነገር ግን ቢቢሲ ሥራ ሲጀምር ሁለት ተፎካካሪ መሣሪያዎችን በየሳምንቱ እያፈራረቀ ይሞክር ነበር። በቤርድ በኩል ዋናው ካሜራ ትዕይንቱን መጀመሪያ በፊልም ይቀርፃል፤ ፊልሙ እዚያው ታጥቦ አንድ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ይሰራጫል። ካሜራው ከማጠቢያው ጋር የተያያዘ ስለነበር ከቦታው ንቅንቅ አይልም። አስተዋዋቂዎቹ ደግሞ ጨለማ በዋጠው ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ ፊታቸው ላይ በፍጥነት የሚመላለስ የብርሃን ነጥብ እየተጫወተ ይናገሩ ነበር። በአይዛክ ሾንበርግ የሚመራው የማርኮኒ-ኢኤምአይ ቡድን ግን ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሮኒክ የሆነና ምስሉን በ405 መስመሮች የሚያሳይ መሣሪያ ነበረው። ፉክክሩ በፌብሩዋሪ 1937 ተጠናቀቀ፤ የቤርድ ቀረ። የ405 መስመሩ ስርጭት እስከ 1980ዎቹ ዘልቋል።

«ሰው ምሽቱን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጥ ነበር።»

በ1936 ፕሮግራም የነበረው ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ያህል፣ ማታም ከሦስት ሰዓት ጀምሮ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። እሑድ ጭራሽ አልነበረም። ተቀባዩ ዕቃ ወደ 100 ፓውንድ ስለሚጠጋ፣ በዚያ ገንዘብ አነስተኛ አዲስ መኪና መግዛት ይቻል ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ቢሆን ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ስርጭቱ ሆን ተብሎ ይቋረጥ ነበር፤ ወላጆች ሕፃናትን እንዲያስተኙ በሚል። ይህ ክፍተት በፌብሩዋሪ 1957 የቀረው በተለይ በማስታወቂያ ገቢ የሚተዳደረው አይቲቪ የአንድ ሰዓት ገቢ እያጣበት ስለተሟገተ ነው።

«በ1939 ጦርነቱ ሲመጣ ስርጭቱ በሚኪ ማውስ ካርቱን መሃል ተቆረጠ፤ በ1946 ከቆመበት ፍሬም ቀጠለ።»

ይህ ከሁሉም የበለጠ የተስፋፋው ነው። አስተዋዋቂውም ሲመለስ «በብልግና ከመቋረጣችን በፊት እንዳልኩት» አለ ይባላል። እንዲህ ያለ ነገር አልተደረገም። ዓርብ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939፣ ብሪታኒያ ጦርነት ከማወጇ ሁለት ቀን አስቀድሞ፣ ካርቱኑ እስከ መጨረሻው ታየ፤ የማስተካከያ ምልክቶች ጥቂት ከቀጠሉ በኋላ ማሰራጫው ተዘጋ። ጁን 7 ቀን 1946 አገልግሎቱ ሲከፈት በምስል ብቅ ያለችው ከጦርነቱ በፊትም አስተዋዋቂ የነበረችው ጃዝሚን ብላይ ነበረች፤ ተመልካቹን ሰላም ብላ፣ ታስታውሱኛላችሁ ወይ ብላ ጠየቀች። ያው ካርቱን በዚያን ቀን በድጋሚ ታይቷል፤ የታየው ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው።

እውነተኛው ታሪክ ከተረቱ ይልቅ ይከብዳል። የማሰራጫው ሞገድ ለጠላት ቦምብ ጣዮች አቅጣጫ ጠቋሚ እንዳይሆን ተፈርቶ ነበር። የቴሌቪዥን መሐንዲሶቹም ለራዳር ሥራ ይፈለጉ ነበር። በ1941 ያው የአሌክሳንድራ ፓላስ ማሰራጫ የጀርመን አውሮፕላኖችን የሚመራውን የሬዲዮ ጨረር ለማወክ ውሏል። አንድ ቀልድ ይህን ሁሉ ከሰው ትውስታ ማስወጣቱ ያሳዝነኛል።

«ተውኔቶቹ ሲደገሙ የተቀዳው ነበር የሚታየው።»

እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ የእሑድ ማታ ተውኔት ሐሙስ ሲደገም፣ ተዋንያኑ በአካል ተመልሰው እንደገና ይጫወቱት ነበር። ዲሴምበር 12 ቀን 1954 እሑድ ማታ፣ ከጆርጅ ኦርዌል «1984» የተዘጋጀው ተውኔት ፒተር ኩሺንግ ዋናውን ሚና ይዞ ቀረበ። ጭካኔው ብዙ ተመልካች አስቆጣ፤ ጉዳዩ እስከ ፓርላማ ደረሰ። እንዲህ ባለ ጫጫታ መሃል ተዋንያኑ ሐሙስ ዲሴምበር 16 ወደ ስቱዲዮ ተመልሰው ሁሉንም ከመጀመሪያው ተጫወቱት። ዛሬ በእጃችን ያለው ቅጂም የሐሙሱ ነው። የእሑዱን ያየው በሰዓቱ የተከታተለው ሰው ብቻ ነው። እኔ የዚያን ዘመን ትወና የማደንቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስሕተት ከተሠራ የሚቆርጥለትና የሚያስተካክልለት ሰው አልነበረም።

«ከጦርነቱ በፊት የነበሩት ምሽቶች የጠፉት ቢቢሲ ካሴቶቹን ስለጣለ ነው።»

የሚጣል ካሴት አልነበረም። ከማሳያ መስታወት ላይ በፊልም የመቅዳት ሥራ በቢቢሲ የተጀመረው በ1947 ነው። በመክፈቻው ቀን የዘፈነችው አዴል ዲክሰን ዛሬ በኢንተርኔት የምትታይበት ምስልም ስለ ቴሌቪዥን ለተሠራ ዘጋቢ ፊልም በፊልም ካሜራ የተቀረፀ ነው፤ ከስርጭቱ የተወሰደ አይደለም።

ከዚያ ዘመን ቀጥታ ስርጭት ተቀርፆ መትረፉ የሚታወቀው በአጋጣሚ የተያዘ አንድ ቁራጭ ብቻ ነው። የአሌክሳንድራ ፓላስ ሞገድ ከለንደን ዙሪያ ብዙም አያልፍም ይባል ነበር፤ ታስቦ የነበረውም ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን በ1938 የፀሐይ እንቅስቃሴ ከፍ ባለበት ወቅት ሞገዱ ከላይኛው ከባቢ አየር ላይ ነጥሮ አትላንቲክን ተሻገረ። በኒው ዮርክ አቅራቢያ ሎንግ አይላንድ የነበሩ የአርሲኤ (የአሜሪካ የሬዲዮ ኩባንያ) መሐንዲሶች ምስሉን ተቀብለው ከመስታወቱ ላይ በካሜራ ቀረፁት። ድምፅ የለውም፤ ምስሉም ይዋዥቃል፤ ርዝመቱ አራት ደቂቃ ያህል ነው።