በዴዝ ቫሊ ብሔራዊ ፓርክ የሚገኙ ማደሪያዎች
ዴዝ ቫሊ በአብዛኛው በካሊፎርኒያ፣ በጥቂቱም በኔቫዳ ግዛት ውስጥ የተንጣለለ፣ ስፋቱ ከ13,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የበረሃ ፓርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 በፌዴራል መንግሥት ጥበቃ ሥር ገብቶ በ1994 ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። ዝቅተኛው ቦታ ባድዋተር ከባሕር ወለል 86 ሜትር ዝቅ ሲል፣ ቴሌስኮፕ ፒክ የተባለው ተራራ ግን 3,368 ሜትር ይደርሳል። በዚህም ምክንያት እዚያ ለማደር ያሰበ ሰው ከዋጋና ከምቾት አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ማደሪያው በምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳለ ነው።

በሸለቆው ወለል ላይ የምትገኘው ፈርነስ ክሪክ በጁላይ 1913 የ56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት የተመዘገበባት ስፍራ ናት፤ አብዛኞቹ ማደሪያዎችም የተሰባሰቡት በዚችው አካባቢ ነው። አንጋፋውን ሆቴል በ1927 የከፈተው ቦራክስ የተባለውን ማዕድን ያወጣ የነበረ ኩባንያ ሲሆን፣ የመዋኛ ገንዳው እስከ ዛሬ የሚሞላው ከምንጭ በሚመጣ ለብ ያለ ውኃ ነው። በቅርብ ርቀት ለቤተሰብ የሚስማማ ሌላ ማረፊያ አለ። በአሸዋ ክምሮች አጠገብ ያለው የስቶቭፓይፕ ዌልስ ማረፊያና በምዕራብ በኩል በግል ይዞታ ላይ የቆመው ፓናሚንት ስፕሪንግስ ቀለል ያሉ ናቸው።

የድንኳን ሰፈሮቹ ልዩነት ከሆቴሎቹ የሰፋ ነው። ፈርነስ ክሪክ ያለው ሰፈር ዓመቱን ሙሉ ክፍት ሲሆን፣ ከኦክቶበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ ቦታ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ጎረቤቱ ሰንሴት ጥላ የሌለው ሰፊ የጠጠር ሜዳ በመሆኑ ለማደሪያነት ለተሠሩ ትልልቅ መኪኖች ይመቻል እንጂ ለድንኳን አይመከርም፤ ድንኳን ይዞ ለመጣ ሰው በኮረብታዎቹ ግርጌ ያለው ቴክሳስ ስፕሪንግ እጅግ የተሻለ ነው። ሁለቱም በሙቀቱ ወራት ይዘጋሉ። መሬቱ ደረቅና ጠጠራማ ስለሆነ ካስማ በቀላሉ አይገባለትም፤ ድንገት የሚነሣው ነፋስም ባዶ ድንኳን ነቅሎ ይወስዳልና በየማዕዘኑ ውኃ የተሞላ ጀሪካን ማስቀመጥ ይበጃል።

ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ሙቀቱ በየ300 ሜትሩ በ2 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ኤሚግራንት የተባለው የድንኳን ሰፈር በ640 ሜትር፣ ዋይልድሮዝ የተባለው ደግሞ በ1,250 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከዋይልድሮዝ የሚነሣው መንገድ በ1870ዎቹ የተሠሩትን የከሰል ማክሰያ የድንጋይ ምድጃዎች አልፎ ወደ ቶርንዳይክና ወደ ማሆጋኒ ፍላት ያደርሳል። የመጨረሻው ሰፈር ወደ 2,500 ሜትር ስለሚጠጋ፣ ታች ሌሊቱ እንኳ ከ30 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት በጁላይ ወር እዚያ በጥድ ዛፎች መካከል ቀዝቀዝ ባለ አየር መተኛት ይቻላል። ይሁን እንጂ ውኃ የለውም፤ መንገዱም ሆዱ ከመሬት ከፍ ያለና በተለይም ፎር ዊል የሆነ መኪና የሚጠይቅ ሲሆን በብርዱ ወራት በረዶ ይዘጋዋል።

የአገሩ ባለቤቶች የሆኑት የቲምቢሻ ሾሾኒ ሕዝቦችም በጥንት አኗኗራቸው የብርዱን ወራት በሸለቆው፣ የሙቀቱን ወራት በተራሮቹ ላይ ያሳልፉ ነበር። በ2000 የወጣ ሕግ ከርስታቸው የተወሰነውን የመለሰላቸው ሲሆን ዛሬም በፈርነስ ክሪክ መንደር አላቸው፤ መንደሩ የመኖሪያ ሰፈር እንጂ የጎብኚ ማረፊያ አለመሆኑን ማክበር ይገባል።

ከተዘጋጁት ሰፈሮች ውጭ ከአስፋልት ርቆ ማደር በአንዳንድ አካባቢዎች የሚፈቀድ ቢሆንም፣ የፈቃድ ወረቀት የሚያስፈልግባቸውና ጭራሽ የተከለከሉ ቦታዎች ስላሉ አስቀድሞ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ግድ ነው። ማገዶ መልቀም ክልክል ነው። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ያህል ውኃ መያዝ ያስፈልጋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከላስ ቬጋስ ፈርነስ ክሪክ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ቢሆንም፣ የመንገዶቹን ሁኔታ ሳያጣሩ መነሣት አይገባም፤ በኦገስት 2023 የጣለው ከባድ ዝናብ ያስከተለው ጎርፍ መንገዶቹን በመቆራረጡ ፓርኩ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ዝግ ሆኖ ቆይቷል።