«ሙሉ ስኮላርሺፕ ካልሆነ አይረባም» እና ሌሎች ስለ ሴቶች ኮሌጅ ባስኬት የሚወሩ ስህተቶች

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ሃይስኩል ተማሪዎችን ስለ ኮሌጅ አማክራለሁ፤ ከትምህርት በኋላ ደግሞ የሴቶቹን የቅርጫት ኳስ ቡድን አግዛለሁ። ስለዚህ ሰርግም ብሄድ ክርስትናም ብሄድ አንድ ወላጅ አጠገቤ መጥቶ ይቀመጣል። «ልጄ ባስኬት ጎበዝ ናት፣ ስኮላርሺፕ ታገኛለች አይደል?» ብትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። የሚያናድደኝ ከጥያቄው ጋር ተያይዞ፣ እንደተረጋገጠ ነገር የሚነገረው የተሳሳተ ወሬ ነው። በዚያ ወሬ ምክንያት ጥሩ ዕድል ያመለጣቸው ልጆች አውቃለሁ። እስቲ አንድ በአንድ እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ገደቡ ስለተነሳ አሁን ስኮላርሺፕ እንደ ልብ ነው።»

ጁን 6 ቀን 2025 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን የኮሌጅ ተጫዋቾች የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት በሚመራው ማኅበር በኤንሲኤኤ ላይ ያነሱትን «ሃውስ» የተባለ ክስ የሚዘጋውን ስምምነት ካጸደቁ ወዲህ ይህ ወሬ በየቤቱ ገብቷል። ግማሹ እውነት ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ቀድሞ አንድ የዲቪዥን ዋን (ከሦስቱ የኮሌጅ ስፖርት እርከኖች የበላዩ) የሴቶች ቡድን ለ15 ተጫዋቾች ስኮላርሺፕ መስጠት ይችል ነበር። የሚቆጠረው ደግሞ ሰው ነው። አሰልጣኙ ለአንዷ ሩቡን ብቻ ቢሰጥ እንኳ አንድ ሙሉ ቦታ ይበላበታል፤ ስለዚህ ሁሉም ሙሉ ይሰጥ ነበር። ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ስምምነቱን የተቀበሉ ትምህርት ቤቶች የስኮላርሺፕ ገደብ የለባቸውም። በምትኩ የቡድን አባላት ቁጥር ተገድቧል። ለሴቶች ባስኬት ቁጥሩ ስንት ሆነ? 15። ያው 15።

ታዲያ ምን ተለወጠ? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ በራሷ ገንዘብ እየተማረች በቡድኑ የምትለማመደው 16ኛዋና 17ኛዋ ልጅ፣ «ዎክ ኦን» የሚሏት፣ ቦታዋ ጠበበ። በሽግግሩ ጊዜ የተቀነሱ ልጆች ከገደቡ ውጭ እንዲታዩ ተደርጓል፤ ከኋላ ለሚመጡት ግን ይህ አይሠራም። ሁለተኛ፣ ስኮላርሺፕ አሁን ሊከፋፈል ይችላል። የዛሬ አምስት ዓመት «በዲቪዥን ዋን የሴቶች ባስኬት ግማሽ ስኮላርሺፕ የለም» ያላችሁ ሰው ልክ ነበር። አሁን ግን ኮች «ስኮላርሺፕ አለን» ሲላችሁ «ሙሉ ነው ወይስ ከፊል?» ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም። ስምምነቱን ያልተቀበሉት ደግሞ በድሮው ገደብ ይቀጥላሉ።

«ለሴቶች 15፣ ለወንዶች 13 መሆኑ አድልዎ ነበር።»

አልነበረም። በትምህርት ቤት የጾታ አድልዎን የሚከለክለው፣ «ታይትል ናይን» የሚባለው የ1972ቱ ሕግ የሚያየው የትምህርት ቤቱን ጠቅላላ ስፖርት ነው እንጂ አንዱን ስፖርት ነጥሎ አይደለም። በትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች የወንዶቹ የአሜሪካ ፉትቦል ብቻውን እስከ 85 ስኮላርሺፕ ነበረው፤ በሌላ ስፖርት የሴቶቹ መብለጥ ያንን ማካካሻ ነው። ይኸው ነው።

«የሴቶቹም ገደብ ወደ 13 ቢወርድ ኖሮ ውድድሩ ይመጣጠን ነበር።»

ይሄኛው የኳሱን ዓለም በቅርብ የሚያውቁ ሰዎች ክርክር ነው፤ ለዓመታት ተከራክረውበታል። ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ጎበዝ ልጆችን ሰብስበው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያስቀምጣሉ፤ ቦታው ቢቀነስ እነዚያ ልጆች ወደ ሌሎች ቡድኖች ይሄዱ ነበር ይላሉ። ዩኮን (የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ) ከ2013 እስከ 2016 አራት ዋንጫ በተከታታይ ሲወስድ ሐሳቡ አሳማኝ ይመስል ነበር። ግን ቀጥሎ የሆነውን እዩ። ከ2017 እስከ 2024 ዩኮን አንድም ዋንጫ አላነሳም። ሳውዝ ካሮላይና ሦስቴ፣ ኖተርዳም፣ ቤይለር፣ ስታንፎርድና ኤልኤስዩ (ሉዊዚያና ስቴት) ደግሞ አንድ አንዴ ወሰዱ። ገደቡ በዚያ ሁሉ ጊዜ 15 ነበር፣ ማንም አልነካውም። የተለወጠው ሌላ ነው፦ ጎበዝ ተጫዋቾች በዙ፣ ትምህርት ቤቶችም ለሴቶቹ ቡድን ገንዘብ ማውጣት ጀመሩ፣ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ልጅቷ ቦታ ካጣች አንድ ዓመት ከጨዋታ ውጭ ሳትቀመጥ መዛወር ቻለች። ከ350 በላይ ቡድኖች ባሉበት ከእያንዳንዱ ሁለት ቦታ መቁረጥ 700 ሴት ልጆችን ማባረር ነው። እኔ ይህን ሐሳብ ፈጽሞ አልደግፍም።

«ዲቪዥን ዋን ሙሉ ስኮላርሺፕ ካልሆነ አይረባም።»

ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን ያዙልኝ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። ከ350 በላይ ቡድን፣ ለእያንዳንዱ 15 ቦታ፤ በጠቅላላው ከ5,000 ትንሽ በለጥ ይላል። ይህ ግን የአንድ ዓመት ቅበላ አይደለም፣ ከአንደኛ ዓመት እስከ ተመራቂ ያሉት ሁሉ ተደምረው ነው። ከአውስትራሊያና ከስፔን የሚመጡ አሉ፤ ከሌላ ኮሌጅ የሚዛወሩም አሉ። በሌላ በኩል በአሜሪካ ሃይስኩሎች በየዓመቱ ከ350 ሺህ በላይ ሴቶች ባስኬት ይጫወታሉ። ልጃችሁ ጎበዝ ልትሆን ትችላለች፣ እኔም አምናለሁ። ግን የቤተሰቡን ዕቅድ በሙሉ እዚያ ጠባብ በር ላይ አታንጠልጥሉ።

ሌሎቹ በሮች ግን ሰፊ ናቸው። ዲቪዥን ቱ የ10 ሙሉ ስኮላርሺፕ ያህል ገንዘብ አለው፤ አሰልጣኙ እየከፋፈለ ይሰጣል። ዲቪዥን ስሪ ከ400 በላይ ቡድኖች አሉት፣ ለስፖርት ተብሎ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ግን የለውም። እነ ሃርቫርድ ያሉበት የአይቪ ሊግ ስምንት ትምህርት ቤቶችም ለስፖርት አይሰጡም። እዚህ ላይ ነው ወላጆቻችን ጆሯቸውን የሚዘጉት። «አይሰጡም» የሚለውን ሰምተው ይሄዳሉ።

ለስፖርት አይሰጡም እንጂ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ በቤተሰብ ገቢ እያሰሉ። ሃርቫርድ ከ2025–26 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የቤተሰብ ገቢ እስከ 100 ሺህ ዶላር የሆነች ልጅ ምንም እንዳትከፍል፣ እስከ 200 ሺህ ከሆነ ደግሞ የትምህርት ክፍያ እንዳይኖርባት አድርጓል (ከገቢው ሌላ የተከማቸ ሀብት ካለ ስሌቱ ይለያል)። ያው ሃርቫርድ እኮ ዲቪዥን ዋን ነው የሚጫወተው! በ1998ቱ ብሔራዊ ውድድር በምድቡ አንደኛ ደረጃ የተሰጠውን ስታንፎርድን በራሱ ሜዳ አሸንፎ ከውድድር አስወጥቷል። በ2025 ሃርቫርድ፣ ፕሪንስተንና ኮሎምቢያ ሦስቱም ለብሔራዊው ውድድር አልፈዋል። ዲቪዥን ስሪም ተራ ቦታ አይደለም፦ በባልቲሞር ያለው ጆንስ ሆፕኪንስ በባስኬት ዲቪዥን ስሪ ነው፣ ኤምአይቲም እንደዚሁ። ኤንዋይዩ (ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ) በ2024 እና በ2025 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የዲቪዥን ስሪ ሻምፒዮን ሆኗል። እንዲህ ባሉ ቦታዎች አሰልጣኙ ልጅቷን ከፈለጋት ለቅበላ ቢሮው ስሟን ሊያቀርብ ይችላል፤ ገንዘቡ ደግሞ ከሌላ ቢሮ ይመጣል።

አንድ አባት ነበር፣ ታክሲ የሚነዳ፣ ልጁን የሚወድ። ልጅቷ ጋርድ ነበረች፣ ፈጣን፣ በትምህርቷም ጎበዝ። ሁለት ደብዳቤ መጣላት። አንዱ ሩቅ ስቴት ካለ የዲቪዥን ቱ ትምህርት ቤት፣ ከፊል የአትሌቲክስ ስኮላርሺፕ። ሌላው ከዲቪዥን ስሪ ኮሌጅ፣ በገቢ ላይ የተመሠረተ ድጋፍ። ሁለቱን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አድርጌ፣ ቤተሰቡ ከኪሱ የሚከፍለው የተጻፈበትን የመጨረሻ መስመር በእስክሪፕቶ አሰመርኩለት። የሁለተኛው ከግማሽ በታች ነበር። አየው፣ አነበበው። ከዚያ «ለኳስ ስኮላርሺፕ ካልሰጧት አልፈለጓትም ማለት ነው» አለኝ። የመጀመሪያው ላይ «አትሌቲክስ» የሚል ቃል ስለነበረ ወደዚያ ሄደች። በሁለተኛ ዓመቷ አሰልጣኙ ተቀየረ። አዲሱ የራሱን ተጫዋቾች አመጣ፤ የእሷ ስኮላርሺፕ አልታደሰም። ወደ ቤት ተመልሳ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባች። ጎበዝ ስለሆነች ራሷን አውጥታለች፣ ግን ያ ሁሉ መንከራተት ባልነበረባት ነበር።

ልዩነቱን ልብ በሉ። የአትሌቲክስ ስኮላርሺፕ ከኳሱ ጋር የታሰረ ነው። ኤንሲኤኤ በ1973 የአራት ዓመቱን ትቶ የአንድ ዓመት እንዲሆን አደረገው፤ ከአንድ ዓመት በላይ መስጠት እንደገና የተፈቀደው በ2012 ነው፣ እሱም ግዴታ ሳይሆን ፈቃድ ነው። ስለዚህ «ለስንት ዓመት ነው? ብትጎዳስ? አሰልጣኙ ቢሄድስ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። በገቢ የሚሰጠው ድጋፍ ግን ልጅቷ ጉልበቷ ተበጥሶ ኳስ ብታቆምም አይቀርባትም። በየዓመቱ ፎርሙን መሙላት ነው።

ፎርም ስል ደግሞ፣ እባካችሁ ፋፍሳን፣ ማለትም የፌዴራል መንግሥቱን የተማሪ ድጋፍ መጠየቂያ ፎርም፣ በጊዜ ሙሉ። ብዙ የግል ኮሌጆች ከሱ በተጨማሪ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ሌላ የድጋፍ ፎርም ይጠይቃሉ። ታክስ ሪተርናችንን ለትምህርት ቤት ማሳየት የሚያሳፍረን ሰዎች አለን፤ እዚህ ጋ ዝቅተኛ ገቢ የሚጠቅም እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። እያንዳንዱ ኮሌጅ በድረ ገጹ ላይ ቤተሰባችሁ በግምት ስንት እንደሚከፍል የሚያሰላ መሣሪያ እንዲያስቀምጥ ከ2011 ጀምሮ በሕግ ይገደዳል። ዛሬ ማታ ከልጃችሁ ጋር ተቀምጣችሁ የሦስት ትምህርት ቤት አስሉ። የተለጠፈውን ዋጋ አይታችሁ አትደንግጡ፣ ከዚያ ገጽ ላይ ያለው ነው የእናንተ ዋጋ።

«ኮቹ ኢሜይሏን አልመለሰም፣ ስለዚህ አልፈለጋትም።»

ልጅቷ ዘጠነኛ ክፍል ናት! የዲቪዥን ዋን አሰልጣኝ በዚያ ዕድሜ ስለ ምልመላ ሊጽፍላት አይፈቀድለትም። መጠይቅና የካምፕ ማስታወቂያ የመሳሰሉትን ብቻ ነው መላክ የሚችለው። እሷ ግን በማንኛውም ጊዜ መጻፍ ትችላለች፣ ትጻፍም። በር የሚከፈትበት ቀን እንደየስፖርቱ ይለያያል፣ የዓመቱን የምልመላ ካላንደር ኤንሲኤኤ ያወጣል፤ ቀኑን ከዚያ ያዙ። በበጋ ውድድሮች ላይ የኮሌጅ ማሊያ ለብሰው ከግድግዳው ሥር የተቀመጡት አሰልጣኞች አንገታቸውን ደፍተው ሲያልፏችሁም ኩራት አይደለም። በዚያ ጊዜ መገምገም እንጂ ማውራት አይፈቀድላቸውም። አንዲት እናት ሂዳ ምግብ ልትጋብዝ ስትል እጇን ይዤ መልሻታለሁ።

«ኮቹ ቃል ሰጥቶናል፣ አልቋል።»

አላለቀም። እኛ «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» ተብለን አድገናል። እዚህ የቃል ኦፈር አሰልጣኙንም ልጅቷንም አያስርም። የሚያስረው የተፈረመው የገንዘብ ድጋፍ ስምምነት ነው። ድሮ አብሮት «ናሽናል ሌተር ኦፍ ኢንቴንት» የሚባል ነበር፤ ከ1964 ጀምሮ ቆይቶ በኦክቶበር 2024 ቀርቷል። አሁንም «እሱን ትፈርማለች» የሚላችሁ ሰው ካለ ወሬው አርጅቶበታል። በዚያ ላይ አሰልጣኞች ከሃይስኩል ልጅ ይልቅ በትራንስፈር ፖርታል (መዛወር የሚፈልጉ የኮሌጅ ተጫዋቾች በሚመዘገቡበት ዝርዝር) ልምድ ያላትን መውሰድ ስለለመዱ፣ ዛሬ የተሰጠ ቃል በሚቀጥለው ጸደይ ሊረሳ ይችላል። እስክትፈርም ድረስ ከሌሎቹ ጋር መነጋገሯን አታቁም።

«ኳሱን ካወቀች ትምህርቱ ይታለፍላታል።»

አይታለፍም። ለዲቪዥን ዋን 16 ዋና ዋና ኮርሶች ያስፈልጋሉ፣ በእነዚያ ኮርሶች ደግሞ ቢያንስ 2.3 ጂፒኤ። ከ16ቱ 10ሩ የ12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው፣ ከ10ሩ 7ቱ በእንግሊዝኛ፣ በሂሳብና በሳይንስ። የኮሌጅ መግቢያ ፈተናው ኤስኤቲ ከ2023 ወዲህ ለዚህ አይጠየቅም፤ ብዙ ወላጅ ግን ገንዘቡን አሁንም ለኤስኤቲ ኮርስ እየከፈለ ኮርሶቹን አያይም። እያንዳንዱ ሃይስኩል በኤንሲኤኤ የጸደቁለት ኮርሶች ዝርዝር አለው፤ ትራንስክሪፕት ላይ ያለ ሁሉ አይቆጠርም። በተለይ በቅርብ ከኢትዮጵያ የመጡ ልጆች የሚመደቡባቸው አንዳንድ ክፍሎች ከዝርዝሩ ውጭ ሊሆኑ ይችላሉ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ከአማካሪዋ ጋር አረጋግጡ፤ 12ኛ ክፍል ላይ ከመጣችሁብኝ የምረዳችሁ ጥቂት ነው።

«ገንዘብ ከከፈልን ስኮላርሺፕ የሚያስገኙ ድርጅቶች አሉ።»

ቪዲዮ የሚያዘጋጁ፣ ኢሜይል የሚልኩ አሉ። ስኮላርሺፕ ዋስትና የሚሰጥ የለም፣ ዋስትና ካሏችሁ ውጡ። ቪዲዮውን የወንድሟ ስልክ ይበቃዋል።

«የእህቴን ልጅ ከአዲስ አበባ ላምጣት፣ ስኮላርሺፑም የማስታወቂያ ገንዘቡም አለ።»

የውጭ አገር ተማሪ የአትሌቲክስ ስኮላርሺፕ ማግኘት ትችላለች፣ ይህ እውነት ነው። ፋፍሳ ግን አይመለከታትም። ተጫዋቾች ከጁላይ 2021 ጀምሮ በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ቢፈቀድላቸውም፣ በኤፍ ዋን ተማሪ ቪዛ ያለች ልጅ አሜሪካ ውስጥ ማስታወቂያ ሠርታ ብትከፈል እንደ ሥራ ሊቆጠርባትና ቪዛዋን ሊያበላሽ ይችላል። ከመፈረሟ በፊት የኮሌጁን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ታነጋግር፣ አስፈላጊ ከሆነም የኢሚግሬሽን ጠበቃ። የሃይስኩል ውጤቷን ደግሞ ከአሁኑ ኦሪጅናሉን አስወጥታ ትያዝ፣ ኤንሲኤኤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ውጤት በትምህርት ቤቱ ቋንቋ፣ ከተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ይጠይቃታል።