የፍላሺንግ አቤቱታ ምንድን ነው?

ሠላሳ ያህል ሰዎች ለራሳቸው ሳይሆን ለሌላው ብለው የፈረሙት ደብዳቤ ነው። ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1657፣ ወሩ ዲሴምበር። ቦታው ፍላሺንግ፣ የዛሬዋ ኒው ዮርክ ውስጥ።

ያኔ ኒው ዮርክ ኒው አምስተርዳም ትባል ነበር። የሆላንድ ዌስት ኢንዲያ ኩባንያ ለንግድ ያቋቋማት ናት። ለንግድ ደግሞ ሰው ያስፈልጋል። ሆላንዳውያን ያን ያህል ስላልጎረፉ ከየአገሩ የመጣው ሁሉ ሰፈረ። በ1643 በዚያ ያለፈ አይዛክ ዦግ የተባለ ፈረንሳዊ ቄስ፣ አራት አምስት መቶ በሚሆኑ ሰዎች መካከል 18 ቋንቋ እንደሚነገር ጽፏል።

አብሮ መኖር ግን ሌላ፣ በነፃነት ማምለክ ሌላ። በይፋ የተፈቀደው የሆላንዳውያኑ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን፣ ሪፎርምድ የሚባለው፣ ብቻ ነበር። ገዥው ፒተር ስታይቨሰንት በዚህ ነገር ዋዛ አያውቅም። በ1654 ከብራዚል ተሰደው የመጡ አይሁዳውያንን ሊያባርር ሲል ኩባንያው ከለከለው። ቀጥሎ ኩዌከሮች መጡ፤ ያለ ቄስ፣ በዝምታ ተሰብስበው የሚያመልኩ ክርስቲያኖች ናቸው። እነሱን ቤቱ ያሳደረ ይቀጣል ተባለ።

የፍላሺንግ ሰዎች እንቢ አሉ። ፈራሚዎቹ እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች እንጂ ኩዌከሮች አልነበሩም። እኔን ሁሌ የሚነካኝ ይሄ ነው። ቤታችንን ለመጣ ሰው አንዘጋም አሉ። ፍቅር፣ ሰላምና ነፃነት ለአይሁዱም፣ ለቱርኩም፣ ለግብፃዊውም ይገባል፤ ሁሉም የአዳም ልጆች ናቸውና ብለው ጻፉ። በዚያ ዘመን ይህን በጽሑፍ አስፍሮ ስም ማኖር ቀላል ድፍረት አይደለም።

ስታይቨሰንት ደብዳቤውን የጻፈውን ኤድዋርድ ሃርትን አሰረ። ያደረሰለትን ሹም ጦቢያስ ፊክን ከሥራው አባረረ። በ1662 ደግሞ ጆን ባውን ቤቱን ለኩዌከሮች ጸሎት ስለከፈተ ተይዞ ከአገር ተባረረ። ባውን ግን አምስተርዳም ድረስ ሄዶ ለኩባንያው አቤት አለ። ተሰማለትም። በ1663 ኩባንያው፣ ጎረቤቱን እስካልጎዳ ድረስ ማንም በእምነቱ አይነካ ብሎ ለስታይቨሰንት ጻፈ። የባውን ቤት ዛሬም ኩዊንስ በሚባለው የኒው ዮርክ ክፍል ቆሟል።

አንድ ነገር ግን ማለፍ አልችልም። እዚያው ከተማ ኩባንያው በባርነት የያዛቸው አፍሪካውያን ነበሩ። አቤቱታው ስለ እነሱ ምንም አይልም። ከዚያ 13 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1644፣ 11 ወንዶች ከነሚስቶቻቸው ነፃ ወጥተው ነበር፤ በየዓመቱ ግብር እየከፈሉ። ልጆቻቸው ግን፣ ገና ያልተወለዱት ሳይቀሩ፣ የኩባንያው ባሪያ እንዲሆኑ ተወሰነ።