«አይዞዎት ምንም አይሆኑም» ለምን ነን ቴራፒዩቲክ ተባለ?

ነርሲንግ ተማሪዎችን የሚያምታታው ደግ ንግግር ሁሉ ቴራፒዩቲክ (ታካሚውን የሚረዳ) አለመሆኑ ነው፤ የማይረዳው ነን ቴራፒዩቲክ ይባላል። ነገ ኦፕራሲዮን የሚገቡ እናት «ልጄ፣ ሳልነቃ ብቀርስ?» ቢሏችሁ አፋችሁ ላይ ቀድሞ የሚመጣው «አይዞዎት እማማ፣ ምንም አይሆኑም» ነው አይደል? እሱ ፎልስ ሪአሹራንስ (የውሸት ማረጋጊያ) ይባላል፣ ምክንያቱም እናንተም እርግጠኛ አይደላችሁም እሳቸውም ፍርሃታቸውን ውጠው ዝም ይላሉ። (አይዞዎት ማለቱ በራሱ ችግር የለውም፣ ችግሩ ምንም አይሆኑም ብሎ ቃል መግባቱ ላይ ነው።) ይልቅ ወንበር ስባችሁ ቁጭ ብላችሁ «ሰመመኑ አስፈራዎት? እስቲ ይንገሩኝ» በሉ፣ ዝም ካሉም አትቸኩሉ፣ ዝምታም ራሱ ቴክኒክ ነው።

«ለምን መድሃኒትዎን አልወሰዱም?»ም አይመከርም፣ «ለምን» ሲባል ሰው የተወቀሰ ይመስለዋል፣ «ሲወስዱት ምን አስቸገረዎት?» ይሻላል። «እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር»ም ምክር መስጠት ስለሆነ ነን ቴራፒዩቲክ ነው፣ መረጃ መስጠት ግን ቴራፒዩቲክ ስለሆነ ፈተና ላይ እንዳትቀላቅሏቸው።